ስለ ኒያንደርታል ውርሳችን ስንናገር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሰበታና ከዓለም ገና የሚነሱ ተማሪዎች በቡታጅራ መንገድ ወደ መልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ቅርስ ስፍራ ለጉብኝት ሲሄዱ፣ ከጠፋው ጥንታዊ የሰው ዘመድ ከኒያንደርታል ጋር ስላለን ዝምድና የሚያነሱት ክርክር የሚያስደስት ቢሆንም፣ ሥር የሰደዱ ስህተቶች ደጋግመው ይገቡበታል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ኒያንደርታል የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ አበሻን አይመለከትም» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ኒያንደርታሎች የኖሩት በአውሮፓና በእስያ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየው ውርስም በዋናነት የመጣው ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ከወጡ ሰዎች ጋር በመዋለዳቸው ነው። ነገር ግን የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ሁሉ በወጡበት አልቀሩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን ዘረመል ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከውጭ የገቡ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ነዋሪዎች ጋር ተቀላቅለዋል፤ ከእነሱ ጋርም የኒያንደርታል ቅሪት ገብቷል። ስለዚህ አማራን ጨምሮ የብዙ ኢትዮጵያውያን ድርሻ ከአውሮፓውያን ያነሰ ይሁን እንጂ ባዶ አይደለም። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ከዚያ ቅልቅል በፊት የኖረ በመሆኑ፣ ለተመራማሪዎች ትልቅ ማነጻጸሪያ ሆኗል።

ሁለተኛው ስህተት የቁጥር ነው። ከቺምፓንዚ ጋር 99 በመቶ ያህል የምንመሳሰል ከሆነ፣ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሰዎች የኒያንደርታል ድርሻ እንዴት 2 በመቶ ብቻ ይሆናል? የመጀመሪያው ቁጥር የዲኤንኤው ፊደላት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ሲለካ፣ ሁለተኛው ግን በቀጥታ ከኒያንደርታል ወላጆች የተወረሰውን ቁራጭ ይለካል። ቁራጩም በሁሉም ሰው አንድ አይደለም፤ የተበተነ የብራና መጽሐፍ ቅጠሎችን የተለያዩ ቤተሰቦች እንደያዙት ሁሉ፣ ሰዎች በየግላቸው የተለያየ ክፍል ይዘዋል።

ሉሲን ከኒያንደርታል ጋር ማምታታትም አለ፤ እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ታስቆጥራለች፣ የዚህ መዋለድ ታሪክ አካልም አይደለችም። የመልካ ቁንጡሬን ቅሪተ አካል አይቶ ስለ ዘረመሉ መደምደምም አይገባም፤ ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚያፈርስ፣ ያን ያህል ጥንታዊ ከሆነ አጥንት የምንማረው በዋናነት ከቅርጹ ነው።

በመጨረሻም ውርሱን በጅምላ ጠቃሚ ወይም ጎጂ ማለት ስህተት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የታወቀው በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የኒያንደርታል ቁራጭ ኮቪድን የማባባስ ዕድል ሲኖረው፣ በአሥራ ሁለተኛው ላይ ያለው ሌላ ቁራጭ ደግሞ ከጽኑ ሕመም ይከላከላል። ከሌላው ጥንታዊ ዘመድ ከዴኒሶቫ የመጣው ኢፒኤኤስ1 የተባለው ጂንም ቲቤታውያን ኦክስጅን በሚያንስበት ከፍታ እንዲኖሩ ረድቷቸዋል።