ለዓመታት የሚያገለግልና ምስጢራችሁን የሚጠብቅ ስልክ ከአዳማ ገበያ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ሞባይል ቤት ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ ካሜራውንና ራሙን ነው። እናንተ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ የዚህ ስልክ የደህንነት አፕዴት የሚያበቃው መቼ ነው? ስልኩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አፕዴቱ ካበቃ በኋላ የሚገኘውን ቀዳዳ የሚደፍንለት የለም። የቴሌብር ገንዘባችን፣ የባንክ ሂሳባችንና የልጆቻችን ፎቶ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ሲስተሙን፣ ቀጥሎ ስልኩን

ሲስተም ማለት ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ሶፍትዌር ነው። ለግል ምስጢር ጥበቃ ከተሠሩት ሲስተሞች እኔ የምመክረው ግራፊን ኦኤስን ነው። መሠረቱ አንድሮይድ ነው፤ እናንተ ካልጫናችሁት በቀር ግን የጉግል አፕ አይኖረውም። እስካሁን የሚጫነው በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ብቻ ነው። በብዛት የምንይዛቸው ቴክኖና ኢንፊኒክስ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ፒክስል የተመረጠበት ምክንያት አለው። ሌላ ሲስተም ከጫናችሁ በኋላ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ መልሳችሁ መቆለፍ ትችላላችሁ። ስልኩ በተነሳ ቁጥርም ሲስተሙ እንዳልተነካካ ራሱ ያረጋግጣል። ላይኔጅ ኦኤስ የሚባለው ሲስተም በብዙ ዓይነት ስልክ ላይ ይሠራል፤ ያረጀ ስልክ ዕድሜ ለማራዘምም ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡትሎደሩ እንደተከፈተ ይቀራል። ስልኩ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሰው እጅ ከገባ፣ ሲስተሙን ሊነካካው ይችላል።

የማብቂያውን ቀን አስሉ

ጉግል ለፒክስል 6 እና 7 የደህንነት አፕዴት የሚሰጠው ለ5 ዓመት ነው። ከፒክስል 8 ጀምሮ ግን 7 ዓመት ሆኗል። በኛ አቆጣጠር ስናስቀምጠው፣ የፒክስል 6 ጥቅምት 2019፣ የፒክስል 7 ጥቅምት 2020 ላይ ያበቃል። የፒክስል 8 እስከ ጥቅምት 2023፣ የ8ኤ እስከ ግንቦት 2023 ይዘልቃል። የ9ኤ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2024 ይደርሳል።

የስልኩን ዋጋ በቀሩት ዓመታት አካፍሉት። ርካሽ የመሰለው ፒክስል 6 በዓመት ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከ8ኤ የበለጠ ውድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፒክስል 8 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ሌላም ጥቅም አላቸው፤ በሚሞሪ ስህተት በኩል የሚመጣን ጥቃት የሚይዝ ጥበቃ ፕሮሰሰራቸው ውስጥ አለ፣ ግራፊን ኦኤስም ይጠቀምበታል። ስለዚህ የኔ ምርጫ 8ኤ ነው፤ አቅም ካለ 9ኤ። ፒክስል 6ኤን ግን አትግዙ። ባትሪው ከመጠን በላይ ሊሞቅ ስለሚችል፣ ጉግል በ2025 እ.ኤ.አ. ከ400 ጊዜ ሙሌት በኋላ የባትሪውን አቅም የሚቀንስ አፕዴት ለቆለታል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ጉግል ፒክስልን በይፋ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሸጥም። ገበያ ላይ የምታዩት ከአሜሪካ፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር በሰው እጅ የመጣ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ድርጅቶች፣ በተለይ ቬራይዘን፣ የሚሸጡት ፒክስል ቡትሎደሩ አይከፈትም። የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ተቀብሎ በደንብ ሊደውል ይችላል፤ ግራፊን ኦኤስ ግን አይጫንበትም።

እንዲህ አድርጋችሁ ፈትኑት። ስልኩን ከዋይፋይ ወይም ከሞባይል ዳታ ጋር አገናኙት። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ግቡና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። ከዚያ ሲስተም ውስጥ «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይመጣል። እዚያ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለውን፣ ቡትሎደሩ እንዲከፈት የሚፈቅደውን፣ ፈልጉና አብሩት። ከበራ ስልኩ ይሆናችኋል። ደብዝዞ አልነካ ካለ ስልኩን መልሱለት። ሻጩ «ቤት ሄዳችሁ ሲከፈት ይሠራል» ቢላችሁም ቃሉን ብቻ አምናችሁ አትክፈሉ። ይሄን ለመፈተን ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሱቅ እለፉ።

የሲም ማስገቢያውንም እዩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ፒክስል 10 የሲም ቀዳዳ የለውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠራው። ያገለገለ ፒክስል 8 ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መኖሩን ነጭ ምስል ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ የታወቀ ችግሩ ነው። የፒክስል ስክሪን እንደ ሳምሰንግ በየሱቁ ስለማይገኝ፣ ጠንካራ ከቨርና የስክሪን መከላከያ አብራችሁ ግዙ።

መጫን

ይሄ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ላፕቶፕ፣ ጥሩ የዩኤስቢ ገመድና ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ላይ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ የላፕቶፑንም የስልኩንም ባትሪ ቀድማችሁ ሙሉ። የግራፊን ኦኤስን ገጽ በክሮም ክፈቱና የዌብ መጫኛውን በቅደም ተከተል ተከተሉ። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶና ስልክ ቁጥር ካለ አስቀድማችሁ ገልብጡ። መጨረሻ ላይ ቡትሎደሩን መልሳችሁ መቆለፍ አትርሱ። ይሄን የዘለለ ሰው የዋናውን ጥበቃ ግማሽ ጥሎታል።

የባንክ አፕ ጉዳይ

አንዳንድ የባንክ አፖች በጉግል ያልተረጋገጠ ሲስተም ላይ አንሠራም ይላሉ። ስለዚህ የድሮውን ስልክ ቶሎ አትሽጡት። ጉግል ፕለይን ከግራፊን ኦኤስ የራሱ አፕ ስቶር አውርዳችሁ በተለየ ፕሮፋይል (ስልኩ ውስጥ ለብቻው በተከፈለ የተጠቃሚ ክፍል) ውስጥ ጫኑና የምትጠቀሙባቸውን አፖች አንድ በአንድ ሞክሩ። እምቢ ያለ ካለ፣ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# አለላችሁ፤ እነዚህ አፕም ኢንተርኔትም አይፈልጉም።

በመጨረሻ ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየት ነው፤ አዳማ ላይ ሙቀቱ በበቂ አለ። ባጃጅ የምትነዱ ከሆነ ስልኩን ከፊት መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።