ፊልተር ወይም ሂተር የጎዳውን ዓሣ እንዴት እናስታምም?

ጎንደር ውስጥ ቤቱ በአኳሪየም (በመስታወት ገንዳ) ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማታ መብራት ይጠፋል፣ ንጋት ላይ ድንገት ይመጣል። ውሃውን እየሳበ የሚያጣራው ፊልተር ባንዴ ይነሳና መሳብ ይጀምራል። ሌሊቱን አየር አጥሮት የደከመ ዓሣ አጠገቡ ካለ ማምለጫ አቅም የለውም። እኛ ቤት ባለፈው ክረምት የሆነው ይኸው ነው። ልጄ "አባዬ፣ ዓሣው ተጣብቋል!" ብላ ቀሰቀሰችኝ። ብርቱካናማው ጎልድፊሽ ጭራው እስከ ግማሽ ድረስ ፊልተሩ መምጠጫ ውስጥ ገብቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

1. መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ

እጃችሁ ውሃ ከመንካቱ በፊት። እኔ በድንጋጤ እጄን ልሰድ ስል ባለቤቴ ናት ጮኻ ያስቆመችኝ። የሂተር (የውሃ ማሞቂያው) መስታወት ተሰንጥቆ ከሆነ ውሃው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ፊልተሩንም፣ ሂተሩንም፣ አምፖሉንም ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም።

2. አትጎትቱት

ፊልተሩ ሲቆም መሳቡም ያበቃል፣ ብዙ ጊዜ ዓሣው ራሱ ይላቀቃል። አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሱት። እንቢ ካለ የመምጠጫውን ወንፊት እዚያው ውሃ ውስጥ ንቀሉትና ጭራውን በገባበት በኩል ቀስ አድርጋችሁ አላቁት። እጃችሁ እርጥብ ይሁን።

በመረብ አታውጡት። የዓሣ ገላ ላይ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን አለ፣ ከጀርም የሚከላከለው እሱ ነው። መረብም ደረቅ እጅም ይህን ሽፋን ይልጡታል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቁረጡና ውሃው ውስጥ አጋድሙት፣ ከዚያ ዓሣውን ከነውሃው ቅዱት።

3. ጉዳቱን እዩ፣ ፎቶ አንሱ

ፎቶው ነገ ለማነጻጸር ይጠቅማችኋል። ዓይን ይረሳል። የተቀደደ ክንፍ ወይም የረገፈ ቅርፊት ብዙ አያስፈራም፣ ይተካል። ጉዳቱ ጭራው ከሥጋው የሚጋጠምበት ቦታ ከደረሰ ግን መልሶ ላይበቅል ይችላል። ሂተር ያቃጠለው ዓሣ ገላው ላይ ነጣ ያለ ቦታ ይታያል፣ ቆዳው የሚላጠው ከቀናት በኋላም ሊሆን ይችላል። ስንጥቡ (የሚተነፍስበት) እኩል ከተከፈተና ከተዘጋ ተስፋ አለው።

4. ለብቻው አስተኙት

ሌሎቹ ዓሦች ቁስሉን ይነክሱታል። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ወይም ሳፋ ይበቃል፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ውሃውን ከራሱ ከአኳሪየሙ ቅዱ። ንጹህ ከሆነ የለመደው ውሃ ይሻለዋል። ከላይ ነጠላ ወይም ሌላ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ጨለም ሲል ይረጋጋል።

አሁን ዋናው ነገር አየር ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣውን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። "ቶሎ እንዲድን ውሃውን 30 ዲግሪ አድርሱት" የሚለውን ምክር እዚህ የተገበረ ሰው የቆሰለውን ዓሣ ሊያፍነው ይችላል። ጎልድፊሽ ሂተር አያስፈልገውም። እንደ ጋፒና ቤታ ላሉት ሙቀት ወዳድ ዓሦች 25 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። የአየር ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሥራ። መብራት ከጠፋ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት፣ በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ። እኛ ያን ቀን እየተፈራረቅን እንዲህ ስናደርግ ዋልን።

5. ትንሽ ጨው

በአንድ ሊትር 1 ግራም። ለ20 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላ አድርጎ ማለት ነው። ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው ይሁን። በሌላ ዕቃ በውሃ አሟሙታችሁ በሁለት ሦስት ጊዜ ጨምሩ። ደረቁን ዓሣው ላይ አትበትኑ። ኮሪዶራስን የመሳሰሉ ባለ ጢም ዓሦች ጨው ስለማይወዱ ለእነሱ ይቅርባቸው።

ቴትራሳይክሊን ከፍቶ መበተን ግን ይቅር። እኛ ሰፈር ለሰውም ለዶሮም ቁስል የምናደርገው ነው፣ አውቃለሁ። መጠኑ አይታወቅም፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምደዋል። ቫዝሊንና ማርም አትቀቡት።

6. ውሃ ለውጡ፣ ጠብቁ

ባልዲው ውስጥ ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጠራ ፊልተር የለም። ስለዚህ በየቀኑ ሲሶውን ውሃ ለውጡ፣ በለወጣችሁት ልክ ጨው መልሱ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ ቢያንስ አንድ ቀን ክፍቱን ይደር፣ የአየር ፓምፕ ካለው ይፈጥናል። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ግን ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም። ውሃ አልመጣም ብላችሁ ከቀሃ ወይም ከአንገረብ ወንዝ እንዳትቀዱ፣ ለቁስል የማይሆን ብዙ ነገር አለበት።

የመጀመሪያውን ቀን አትመግቡት። ከዚያ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ ስጡት።

በሳምንት ውስጥ በተቀደደው ክንፍ ጫፍ ላይ መስታወት የመሰለ ስስ ጠርዝ ከታያችሁ አዲስ እየበቀለ ነው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከወጣበት ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ክንፉ ላይ ቀይ መስመር ከታየ፣ ወይም ቁስሉ ከዕለት ዕለት ከሰፋ፣ ፎቶዎቹን ይዛችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለውና ከዚያ መጠየቅ ትችላላችሁ።

7. ሳትመልሱት በፊት አኳሪየሙን አስተካክሉ

የፊልተሩን መምጠጫ ስፖንጅ አልብሱት፣ ከጠፋ ንጹህ ስቶኪንግ እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩበት። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩን ንቀሉት፣ ሲመጣ ዓሦቹን አይታችሁ ሰኩት። ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ውስጡ ያለው ውሃ ይበላሻል። መጀመሪያ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቁት። ሂተር ውሃ ከመለወጣችሁ ከ15 ደቂቃ በፊት ይነቀል። የተሰነጠቀ ሂተር አይጠገንም፣ ይጣላል። ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ይውጡ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

የእኛው ዓሣ በ23ኛው ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጭራው በቅሏል። ግራ ጠርዙ ላይ ብቻ የጥፍር ያህል ጎደሎ ቀርቶበታል። ልጄ ጠዋት ጠዋት ስትመግበው መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።