የድመት ጆሮ ኩክ ቤት ውስጥ ስናጸዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እኛ ጎንደር ድመት በብዛት የሚያዘው ለአይጥ ተብሎ ነው፣ ስለዚ ጆሮዋን ገልጦ የሚያይላት ሰው ብዙ የለም። ጭንቅላቷን ማራገፍና በኋላ እግሯ ጆሮዋን መቧጨር ስትጀምር ነው ትዝ የምትለን፣ ያኔ ደሞ ተደናግጠን እጃችን ላይ የገባውን ይዘን ጆሮዋ ውስጥ እንገባለን። ኩኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ምንም አያደርጋትም፣ ጆሮዋን የሚያበላሸው እኛ ኩኩን ለማውጣት የምናደርገው ነገር ነው።

ለዛ ነው ከሁሉ በፊት ጤነኛ ጆሮ አትነካኩ የምለው። ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ፣ ካልሸተተና ትንሽ ቡናማ ኩክ ብቻ ካለው በቃ ተዉት። ንጹህ እንዲሆን ብላችሁ በየሳምንቱ ብትጠርጉት ቆዳው ይቆጣል፣ የተቆጣ ቆዳ ደሞ ጭራሽ ብዙ ኩክ ያመርታል።

በጣም የሚያናድደኝ ኮተን በድ ነው። ሲጠፋ ደሞ የክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ የሚያስገባም አለ። የድመት ጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዛ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው ታምቡሩ ጋ የሚደርሰው፣ እናንተ ከላይ እንጨት ስታስገቡ ኩኩን ወደ ማጠፊያው እየጠቀጠቃችሁት ነው፣ ጥጡ ላይ ትንሽ ቡናማ ስታዩ የወጣ ይመስላችኋል እንጂ ዋናው ወደ ውስጥ ሄዷል። ድመቷ ድንገት ከተወራጨች ደሞ ታምቡር እስከመቅደድ ይደርሳል።

ማጽዳት ካስፈለገ ትክክለኛው እንዲህ ነው። የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ለድመት ጆሮ ማጽጃ የሚሆን ፈሳሽ ጠይቁ፣ የጆሮዋን ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ያዙና ፈሳሹን ጨምሩ፣ የጠርሙሱ አፍ ጆሮዋን እንዳይነካ። ከዛ የጆሮዋን ስር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹት፣ ጭቅ ጭቅ ሲል ይሰማችኋል፣ ኩኩ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ከዛ ልቀቋትና ታራግፍ፣ የምታራግፈው እኮ ከውስጥ ያለውን ወደ ላይ ለማምጣት ነው። በመጨረሻ ጎዝ ወይ ንጹህ ጥጥ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ በዓይን የሚታየውን ብቻ ጥረጉ፣ ለሁለተኛው ጆሮ ሌላ ጥጥ። ማጽጃው ከጠፋ ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ) ገዝታችሁ ጎዙን አርሳችሁ የላይኛውን ጥረጉ፣ ውስጥ ግን አታፍስሱ።

ፈሳሹ ደሞ ቀዝቃዛ እንዳይሆን። የጎንደርን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስ በረዶ ነው የሚሆነው፣ የድመት ሰውነት ደሞ 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቀዝቃዛ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ ያዞራታል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩትና እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

የቤት መድኃኒት ላይ አልደራደርም። አረቄ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሁሉም የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ አፍ የላትም እንጂ ትጮህባችሁ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ለሰው ጆሮ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቶ ለድመት የሚጨምቅ አለ፣ ጆሮዋን ቧጭራ እግሯን ስትልስ ትውጠዋለች፣ ነጭ ሽንኩርት ደሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ መርዝ ነው። ነጭ ጋዝማ ጭራሽ አይታሰብ። ከሰው የተረፈ የጆሮ ጠብታም ያው ነው፣ ለምሳሌ ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ ከገባ ሊያደነቁራት ይችላል።

ሌላው ስህተት የጆሮ ተባይን ኩክ ነው ብሎ ማለፍ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ያለው ደረቅ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የቡና አተላ የሚመስል ነገር ከሆነና እከኩ አላስቀምጥ ካላት የጆሮ ተባይ ሊሆን ይችላል። ትንሽ አውጡና ጥቁር ወረቀት ላይ በትናችሁ በረንዳ ላይ ጸሐይ ስር ትኩር ብላችሁ እዩት፣ በጣም ጥቃቅን ነጫጭ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ካያችሁ እሱ ነው፣ ባታዩም ግን የለም ማለት አይደለም። ይሄ በማጽዳት ብቻ አይለቅም፣ ከእንቁላል እስከ ትልቅ ተባይ 3 ሳምንት አካባቢ ስለሚወስድ ሕክምናው ሳይቋረጥ እስከመጨረሻው መሰጠት አለበት፣ ግቢ ውስጥ ያሉት ሌሎች ድመቶችና ውሻውም አብረው ካልታከሙ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱን ግን በግምት እንዳትሰጡ፣ ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን የሚባለው የተባይ መድኃኒት በከብት ኪሎ የተሰራ ነው፣ 3 እና 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ትንሽ ሲበዛ ያንቀጠቅጣታል፣ ዓይኗን ያጠፋል፣ ይገድላታልም። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም ለድመት ገዳይ ነው።

አያያዝም አለ፣ ማጅራቷን አንጠልጥላችሁ አትታገሏት፣ በፎጣ ወይ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ጭንቅላቷን ብቻ አውጡ፣ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ካልፈቀደች ለሌላ ቀን ተዉት። ከነከሰቻችሁ ወይ ከቧጨረቻችሁ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል።

ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን ካጋደለች፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች፣ መግል ወይ ደም ካለ፣ ስትነኳት ካመማት ምንም ነገር ጆሮዋ ውስጥ አታፍስሱ። እንዲህ ስትሆን ታምቡሩ አለመቀደዱን ሐኪም ሳያይ የሚጨመር ነገር ሁሉ አደጋ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን አለ፣ የመንግስት የእንስሳት ክሊኒኮችም አሉ። አንድ ነገር ብቻ፣ እናፍራለን ብላችሁ ሐኪም ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት ጆሮዋን አትጥረጉት፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ያንኑ ቆሻሻ ነው።