በጃፓንኛ ስትጠይቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃፓንኛ የሚማር ሰው ገና ሲጀምር «ኩዳሳይ»ን ይይዛል። ከግስ ኋላ ካስገባት ጨዋ ልመና የሆነለት ይመስለዋል። ከዚያ ለጓደኛውም ለፕሮፌሰሩም እሷኑ ይዞ ይዞራል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

«ማዶ ኦ ሺሜቴ ኩዳሳይ» ማለት «መስኮቱን ዝጉ» ነው። በጨዋ ቃል የተነገረ ትእዛዝ። አስተማሪ ለተማሪው፣ ሐኪም ለታካሚው እንዲህ ይላል። ባቡር ጣቢያ ላይ ከቢጫው መስመር ወደ ኋላ በሉ የሚለው ማስታወቂያም በኩዳሳይ ነው የሚያልቀው። ሰሚው እምቢ ይላል ተብሎ አይጠበቅም። እንግዲህ በስኮላርሺፕ ቶኪዮ የገባ ተማሪ ፕሮፌሰሩን «ሱይሴንጆ ኦ ካይቴ ኩዳሳይ» ቢል፣ የድጋፍ ደብዳቤ እየለመነ ሳይሆን ሥራ እያዘዘ ነው። ልኩ «ካይቴ ኢታዳኬማሴን ካ» ነው። አንደኛ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛ «አይችሉም?» ብሎ በአሉታ ስለሚጠይቅ ሰውየው ሳያፍር እምቢ የሚልበት ቦታ ያገኛል። ለእኔ የጃፓንኛ አጠያየቅ ሥሩ እዚህ ጋ ነው። የቀሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ቦታ ከመንሳት የሚመጡ ናቸው።

መሃል ላይ ያሉትንም ልንገራችሁ። ለቅርብ ጓደኛ «ሺሜቴ» ወይም «ሺሜቴ ኩሬሩ?» ይበቃል። ለሥራ ባልደረባ «ሺሜቴ ሞራኤማስ ካ»፣ ለአለቃ «ሺሜቴ ኢታዳኬማሴን ካ»። ለጓደኛ የአለቃውን ብትጠቀሙ «ምን አስቀየምኩት?» ብሎ ያስባል። ምግብ ቤት ገብታችሁ «ሚዙ ኦ ኩዳሳይ» ብላችሁ ውሃ ብትጠይቁ ግን ምንም ችግር የለውም። ኩዳሳይ ዕቃ ሲጠየቅባት ሌላ ናት።

ሁለተኛው ስህተት የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪ «ኢታዳኬማሴን ካ» ማለት ሲገባው «ኢታዳኪማሴን ካ» ይላል። «ይቻል ይሆን?» የሚለውን ስሜት የምታመጣው «ኬ» ናት። እሷ ከወጣች ልመናው ይፈርሳል።

ሦስተኛው ከሁሉም አደገኛው ይመስለኛል፦ ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ ማምታታት። ዛሬ ቀደም ብላችሁ ወደ ቤት መሄድ ፈለጋችሁ እንበል። አለቃችሁን «ሃያኩ ካኤራሴቴ ኢታዳኬማሴን ካ» ካላችሁ ፈቃድ ጠየቃችሁ። «ሃያኩ ካኤቴ ኢታዳኬማሴን ካ» ካላችሁ ግን (ቴ ጠብቃ ትነበባለች) አለቃችሁን «ቀደም ብለው ወደ ቤትዎ ቢሄዱልኝ?» ብላችኋል። በጨዋ ቃል አባረራችሁት ማለት ነው! ለራሳችሁ ድርጊት ፈቃድ ስትጠይቁ «ሴቴ» ወይም «ሳሴቴ» የግድ ነው። እንዲህም ሆኖ በየቦታው አትርጩት። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን የባህል ምክር ቤት ያወጣው የአክብሮት ንግግር መመሪያ «ሳሴቴ ኢታዳኩ» («ፈቅደውልኝ ላድርግ» እንደማለት) የሚስማማው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው ይላል፦ የሌላውን ሰው ፈቃድ ስታገኙ፣ በዚያም ስትጠቀሙ።

የበላይን ሰው ፍላጎትና ችሎታ ፊት ለፊት መጠየቅም አይመከርም። ቡና ልታቀርቡለት ፈልጋችሁ «ኮሂ ጋ ሆሺይ ዴስ ካ» («ቡና ይፈልጋሉ?») ብትሉት ውስጡን የመረመራችሁት ያህል ነው። «ኮሂ ዋ ኢካጋ ዴስ ካ» («ቡናስ እንዴት ነው?») በሉ። እንግሊዝኛ ይችል እንደሆነም «ሃናሴማስ ካ» ብላችሁ ችሎታውን አትፈትኑ። «ኤይጎ ኦ ሃናሳሬማስ ካ» ይሻላል፤ ይናገሩ እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አማርኛ ተናጋሪን ለይታ የምትይዝ ወጥመድም አለች። «እርስዎ»ን ፍለጋ መዝገበ ቃላት ስንገልጥ «አናታ» ትመጣለች። ለአለቃ፣ ለአስተማሪ ወይም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው አናታ አይባልም፤ ይከብደዋል። ስሙን ከአክብሮት ቅጥያዋ ከ«ሳን» ጋር ጥሩ፦ «ታናካ ሳን ዋ ኢኪማስ ካ» («ታናካ ሳን ይሄዳሉ?»)። አስተማሪ ከሆነ «ሴንሴይ» በሉ። ስሙን ለማታውቁት መንገደኛ «ሱሚማሴን» («ይቅርታ») ብቻ በቂ ነው።

በመጨረሻም ዘው ብሎ ጥያቄ ውስጥ መግባት አለ። እኛ ሰው ከማስቸገራችን በፊት ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ እንጠይቃለን። እነሱ «ቾቶ ኦኔጋይ ጋ አሩ ን ዴስ ጋ…» ይላሉ፤ «ትንሽ የማስቸግርዎ ነገር ነበረኝ» እንደማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሆን ተብሎ ይንጠለጠላል። ሰውየው «ምንድን ነው?» እስኪል ጠብቁት እንጂ በላዩ ላይ አትቀጥሉ።

መልሱም ሊንጠለጠል ይችላል። «ሶሬ ዋ ቾቶ…» («እሱ ትንሽ…») ብሎ ዝም ካለ እምቢ ማለቱ ነው። «ለምን?» አትበሉት፤ ሌላ ቀንም አትቁረጡለት። «ዋካሪማሽታ» («ገባኝ») ብላችሁ አመስግኑትና ጉዳዩን ተዉት።