ትልቅ ቁጥር ፋክተር ስታደርጉ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ ሻይ እየጠጣን አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ፋክተር ማድረግ (ተባዝተው ወደሚሰጡት ትንንሽ ቁጥሮች መበተን) የፈለገው 147573952589676412927ን ነው። ስክሪኑ ላይ ግን 2፣ 2፣ 2 እያለ ተደርድሯል። ቆጠርነው፣ 67 ሆነ። በ7 የሚያልቅ ቁጥር እንዴት ለ2 ይካፈላል? ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ለፍቶበታል፣ አሳዘነኝ።

የመጀመሪያው ችግር፦ መልሱ ስህተት ነው። ጥፋቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ቁጥሩን «ፍሎት» (ነጥብ ያለው ቁጥር) ብሎ ነው የተቀበለው። ፍሎት በትክክል የሚይዘው 16 አሃዝ ገደማ ነው፤ ይሄ 21 አሃዝ አለው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አጠጋጋውና 1 ጨመረበት። የተገኘው ደግሞ ልክ 2 በራሱ 67 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው! ኤክሴልማ ይብሳል፣ ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ዜሮ ያደርገዋል። መፍትሄው፦ «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር) ብላችሁ ተቀበሉ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ስታካፍሉ በ/ ፋንታ // ተጠቀሙ። ለስኩዌር ሩትም ከፓይተን 3.8 ጀምሮ በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ፈንክሽን አለ።

ሁለተኛው ችግር፦ ስሌቱ አያልቅም። መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) እንዳይሆን ሚለር-ራቢን በሚባለው መፈተሻ ፈትሹ፤ ዓይን እስክትጨፍኑ ይጨርሳል። ፕራይም ካልሆነ በ3፣ በ5፣ በ7 እያሉ መሞከር አያዋጣም። የዚህ ቁጥር ትንሹ ፋክተር 193707721 ነው። ጎዶሎዎቹን ብቻ ብትሞክሩ እንኳ ወደ 97 ሚሊዮን ጊዜ ማካፈል ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የፖላርድ ሮ ዘዴ ግን ድካሙ የሚያድገው በትንሹ ፋክተር ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር እርምጃ ይደርስበታል። የልጁም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መጣለት፣ ሌላኛው ፋክተር 761838257287 ነው። የሒሳብ ሊቁ ፍራንክ ኮል በ1903 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ያለ ኮምፒውተር ማሳየቱን ስነግረው ዝም ብሎ ቁጥሩን አየ።

ሦስተኛው ችግር፦ የፖላርድ ሮ ዘዴ ፋክተር በመስጠት ፋንታ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይሰጣል። ሁሉም ፋክተሮች በአንድ እርምጃ ስለተያዙ ነው። ዘዴው በየእርምጃው ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ የሚደምርበትን ቋሚ ቁጥር ቀይራችሁ እንደገና አስነሱት፤ 0 እና -2 ብቻ አይሁን።

አራተኛው ችግር፦ ስሌቱ ሳያልቅ መብራት ሄደ። 90 አሃዝ አካባቢ ሲደርስ ሥራው ኳድራቲክ ሲቭ የሚባለው የትልልቅ ቁጥሮች ዘዴ ነው፣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ያፉን የመሰለ ፋክተር የሚያደርግ ፕሮግራም እስከዚያ የሰበሰበውን መረጃ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። ፋይሉን አታጥፉ፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

የመጨረሻው ችግር፦ ቁጥሩ 250 አሃዝ ነው፣ ሁለቱ ፋክተሮችም እኩል ትልልቅ ናቸው። ላፕቶፓችሁን አታድክሙ። አርኤስኤ-250 የሚባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር በ2020 እ.ኤ.አ. ሲፈታ ለአንድ ፕሮሰሰር ኮር 2700 ዓመት ገደማ የሚሆን ሥራ ወስዷል።