ትኩሳቱ ሲበርድ የሚጀምር ሥራ፦ የነርስ ተማሪ የታካሚን ሁኔታ እንዴት ይመዝናል?

ድሬዳዋ ለልምምድ የተመደበ የነርስ ወይም የጤና ተማሪ ትኩሳት ያለበት ታካሚ ሳያገኝ አይውልም። በትንኝ የሚተላለፉት የቫይረስ በሽታዎች፣ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ፣ ከተማዋን አዳርሰዋታል። ወባም አልራቀም፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በየግቢው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። የሙቀት መለኪያ ማንበብ በአንድ ቀን ይለመዳል። የተነበበው ቁጥር ለዚህ ሰው፣ በዚህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ መወሰን ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ክሪስቲን ታነር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ሙያ በአራት ከፍለውታል፦ ማስተዋል፣ መተርጎም፣ ምላሽ መስጠት እና የሠሩትን መለስ ብሎ መመርመር።

ለምሳሌ እንዲሆነን፣ ዴንጊ ተጠርጥሮ የተኙ፣ ትኩሳት ከጀመራቸው አራተኛ ቀናቸውን የያዙ የ52 ዓመት እናት እናስብ።

እርምጃ 1፦ መሣሪያ ከማንሳት በፊት ሰውን ማየት

ሰላምታ አቅርቡና ምላሹን በጥሞና ስሙ። «እንዴት አደሩ እናቴ?» ስትሉ የሚመጣው መልስ ታካሚዋ በሙሉ ንቃት ላይ መሆናቸውንና ትንፋሽ ሳያጥራቸው መናገር መቻላቸውን ይነግራችኋል። ትናንት ሲያወሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ከፈዘዙ፣ ወይም አልጋው አልመቻቸው ብሎ ከተቁነጠነጡ፣ ሁለቱም ትርጉም አላቸው። ከዚያ እጃቸውን ያዙ። በድሬዳዋ ቀትር፣ ሁሉም ሰው ላቡን በሚጠርግበት ሰዓት፣ እጅና እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ካገኛችሁ ፈጽሞ አትለፉት። የጣታቸውን ጥፍር ለ5 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ልቀቁ፤ ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደም ወደ ዳር አካላት በሚገባ እየደረሰ ላይሆን ይችላል።

እርምጃ 2፦ ታካሚንም አስታማሚንም መጠየቅ

አስታማሚው ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ያደረ ሰው ነው፤ ካርዱ ላይ ያልተጻፈውን ያውቃል። ስንት ጊዜ አስመለሳቸው? ለመጨረሻ ጊዜ የሸኑት መቼ ነው? ሆዳቸውን በኃይል ያማቸዋል? ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ታየ? ሰገራው ጠቁሯል? ታካሚዋ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ጥያቄውን አጭር አድርጉ፤ የሚያስተረጉመውንም ሰው «የራስህን ግምት ሳትጨምር እንዳሉት ንገረኝ» በሉት።

ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የወሰዱትን የሕመም ማስታገሻ ስሙን ካላወቁ ማሸጊያውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ዴንጊ ሲጠረጠር ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማት አደጋን ስለሚጨምሩ አይሰጡም፤ ለትኩሳቱ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ ስለ እሱም ጠይቁ፣ ነገር ግን ያለ ወቀሳ። የተወቀሰ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀው ደግሞ ልኬታችሁን ያሳስተዋል።

እርምጃ 3፦ መለካት

ሙቀትን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለኩ፤ አተነፋፈስን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ከነሰዓቱ እዚያው አልጋው አጠገብ ጻፉ።

እርምጃ 4፦ ቁጥሮቹን በተርታ ማንበብ

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለን እንየው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእኚህ እናት ሙቀት 39.2፣ የልብ ምታቸው 92፣ ግፊታቸው 115/75 ነበር። 4 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 38.1፣ ምቱ 104፣ ግፊቱ 108/80 ሆነ። 7 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 37.3፣ ምቱ 118፣ ግፊቱ 100/82። የመጨረሻውን ልኬት ብቻ ያየ ተማሪ ትኩሳቱ ወርዷል፣ ግፊቱም 100 ነው ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል።

ተርታውን ያነበበ ግን ይቆማል። ትኩሳት ሲበርድ የልብ ምትም አብሮ ሊቀንስ ይገባ ነበር፤ የእሳቸው ጨመረ። በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ከ40 ወደ 28፣ ከዚያም ወደ 18 ጠበበ። በዴንጊ አስጊው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ውስጥ፣ ልክ ትኩሳቱ ሲወርድ ይመጣል። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ከደም ሥር ወደ ውጭ ይሾልካል፤ ይህም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሰውነት የጎደለውን ለማካካስ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ሥሮችንም ያጠብባል፤ ስለዚህ የታችኛው ግፊት ከፍ ይላል፣ የላይኛው ግን ለጊዜው ደህና ይመስላል። ልዩነቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ በተለይ እጅና እግር ከቀዘቀዘ፣ ታካሚዋ ሾክ ውስጥ፣ ማለትም ደም ለአካል ክፍሎች በበቂ መጠን በማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ ውስጥ፣ እየገቡ ነው። የላይኛው ግፊት እስኪወድቅ የጠበቀ ሰው በጣም ዘግይቷል። በላቦራቶሪ በኩል ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሴሎች በደም ውስጥ ያላቸው ድርሻ) እየጨመረ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ሕዋሳት) በፍጥነት መቀነሱ ይህንኑ ያጠናክራል።

እርምጃ 5፦ በካርዱ ላይ ለተጻፈው ስም አለመገዛት

ካርዱ ወባ ስላለ ዴንጊ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የምታዩት ነገር ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ ያያችሁትን እመኑና ተናገሩ።

እርምጃ 6፦ ማሳወቅ

ታካሚዋን ብቻቸውን አትተዉ፤ ሌላ ሰው ተረኛዋን ሲስተር ይጥራ። በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ በራሳችሁ ውሳኔ አትክፈቱት፤ ፈሳሽ ከልክ ሲያልፍ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል፣ መጠኑን የሚያዘው ሐኪም ነው። ስታሳውቁ ታካሚዋ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳለባቸው፣ ምን እንደተለወጠና ምን እንደምትፈልጉ በቅደም ተከተል ተናገሩ፦

«ዶክተር፣ ከሴቶች ክፍል ነው የምደውለው። አልጋ 6 ያሉት የ52 ዓመት እናት ዴንጊ የተጠረጠረባቸው፣ ትኩሳት ከጀመራቸው አራተኛ ቀናቸው ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ምታቸው ግን ከ92 ወደ 118 ጨምሯል፤ ግፊታቸው 100/82 ነው፣ እጃቸው ቀዝቅዟል፣ ከጠዋት ጀምሮ አልሸኑም። ሾክ ነው ብዬ ሰግቻለሁ፤ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩአቸው እፈልጋለሁ።»

«ትንሽ ደክመዋል» ብሎ ያሳወቀ ተማሪ አላሳወቀም። ካልመጡ እንደገና ደውሉ፤ ይህ ድፍረት ሳይሆን ግዴታችሁ ነው።

እርምጃ 7፦ ተመልሶ መለካት

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ከሾክ እስኪወጡ ድረስ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ለኩ። እጃቸው ሞቀ? ልዩነቱ ሰፋ? ሽንታቸውን በመለኪያ ተቀበሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠበቃል። ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ተኝተው መተንፈስ ካቃታቸው ፈሳሹ በዝቶ ሊሆን ይችላልና ወዲያውኑ አሳውቁ። ለሌሊት ተረኛ ስታስረክቡ የመጨረሻውን ልኬት ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ተርታ፣ የቀጣዩን ልኬት ሰዓትና ሐኪም የሚጠራበትን ምልክት ጽፋችሁ፣ አልጋው ድረስ አብራችሁ ሄዳችሁ አስረክቡ።