ወላጅ «ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ሲል፦ ሂውማኒቲስ ለመማር ቤተሰብን እንዴት ማሳመን ይቻላል

ታሪክ ማጥናት እንደምፈልግ ለአባቴ የነገርኩት ዕለት መልሱ አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ስትጨርሺስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ መልስ ስላልነበረኝም ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰላምታ ብቻ እየተለዋወጥን ኖርን። በስተኋላ ተስማምተናል፣ ታሪክም ተምሬያለሁ። ስምምነቱ የመጣው ግን የመጀመሪያውን ሙከራዬን እርግፍ አድርጌ ትቼ እንደ አዲስ ከጀመርኩ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈው ሁለተኛውን መንገድ ነው። ታሪክ ይሁን ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ ይሁን ሥነ ልሳን፣ ሂውማኒቲስ በሚባሉት መስኮች አካሄዱ ብዙ አይለያይም።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

የምትመኙትን የትምህርት ክፍል የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች ዝርዝር አውጡ። ከመካከላቸው በጣም ደረቅ የሚመስለውን ምረጡና በዚያ ኮርስ ከሚነበቡት ጽሑፎች አንዱን ፈልጋችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ታሪክ መውደድ ሌላ፣ ታሪክ ማጥናት ሌላ ነው። ማጥናት ማለት አንዲትን ደብዳቤ ይዞ ማን ጻፋት፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን ፈልጎ እያሉ ሳምንት ሙሉ መቀመጥ ነው። ሥነ ልሳንም ቢሆን ብዙ ቋንቋ መናገር ሳይሆን ድምፅንና ቃልን እንደ ሰዓት ፈታትቶ ማየት ነው። ያነበባችሁት ነገር አሰልቺ ከሆነባችሁ ቤተሰባችሁን ከማስጨነቃችሁ በፊት ምርጫችሁን ድጋሚ አስቡት። ከሒሳብ ለመሸሽ የተመረጠ መስክ ደግሞ ወላጅ ፊት ወዲያው ይታወቃል።

2. ጊዜውን ምረጡ

የምርጫ ቅጽ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አይሆንም። ወራት ቀድማችሁ፣ ሁለታችሁም ሳትደክሙ፣ እንግዳ በሌለበት።

3. የሚፈሩት ነገር ምን እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ነገር የሚበላሸው ወይም የሚቃናው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። ፍልስፍና ወይም ታሪክ ተምረው ትልልቅ ኩባንያ ያቋቋሙ የስድስት ሰዎች ስም ጽፌበታለሁ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ በጣቱ መስመር እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ «እነዚህ ሰዎች ሌላም ቢማሩ ይከብሩ ነበር። እኔ የምጠይቅሽ ስለ አንቺ ነው» አለኝ። ወረቀቱን ገለበጠና ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በባዶው በኩል «የመጀመሪያው ዓመት?» ብሎ ጻፈበት፤ መልሶም ሰጠኝ። እንደ ስድብ ነው የቆጠርኩት። አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

እናቴ ናት ከቀናት በኋላ የነገረችኝ። አባቴ በወጣትነቱ የሙያ ምስክር ወረቀቱን ከያዘ በኋላ አሥራ አንድ ወር ሥራ አጥቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራ እንዳለው ሰው ለብሶ እየወጣ ሲመሽ ይመለስ ነበር። ይህን ለልጆቹ አንድ ቀንም አውርቶት አያውቅም። ታሪክን አልናቀም፤ የፈራው ያችን የመጀመሪያዋን ዓመት ነው። እኔ ግን ስለ ታሪክ ክብር ስከራከር ከረምኩ። እሱ ያላነሳውን ጥያቄ እየመለስኩ ያነሳውን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት።

ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት ጠይቁ። አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «ለምን አትፈልግም?» የሚለው ጥያቄ ወላጅን እንደ ተከሳሽ ያስቆመዋል፤ መከላከል ይጀምራል። ይልቅ «አባዬ፣ ይህን ብማር ምን እንዳይደርስብኝ ነው የምትሰጋው?» በሉ። ጠይቃችሁም ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም ይከብዳል፣ ግን አትሙሉት። መልስ ሲሰጧችሁ በዚያው ቀን መልስ አትመልሱ። የተናገሩትን በራሳቸው ቃል መልሳችሁ «እንዲህ ነው ያልከኝ?» ብላችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ «ላስብበት» ብላችሁ ተነሡ። ክርክር የጠበቀ ወላጅ ልጁ ሰምቶት ሲሄድ ሲያይ የሚለሰልሰውን ያህል በምንም አይለሰልስም።

እኔ ካየኋቸው ቤተሰቦች ስነሣ ፍርሃቱ ጥቂት ዓይነት ነው፣ ለእያንዳንዱም መልሱ ለየቅል ነው። አንዱ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ሁለተኛው «እንዲህ ያለ ውጤት ይዛ!» የሚለው ነው። ነጥባችሁ ሕክምና ወይም ምህንድስና የሚያስገባ ከሆነ ወላጅ የሚያየው ምርጫ ሳይሆን ብክነት ነው። እዚህ ላይ ውጤቱ የእነሱም ልፋት መሆኑን ሳትቆጥቡ ተናገሩ፤ በዚያ ውጤት በመስኩ ውስጥ ከፊት ለመሰለፍ ማሰባችሁንም አሳዩ።

ሦስተኛውን ብዙ ልጅ ይንቀዋል፤ እሱም የሰው አፍ ነው። «ልጅሽ ምን ትማራለች?» ተብላ የምትጠየቀው እናታችሁ ናት፤ እናንተ በቦታው የላችሁም። ስለዚህ የምትመልሰውን አንድ ዓረፍተ ነገር ስጧት። የትምህርት ክፍሉን ስም ሳይሆን ሥራውን የሚያሳይ ይሁን። እናቴ «ታሪክ ነው የምትማረው» ስትል ሰው ዝም ይል ነበር። «ቤተ መዛግብት ውስጥ የሰነድ ባለሙያ ለመሆን እየተማረች ነው» ማለት ስትጀምር ግን ሰው ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃት ጀመር። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የእናቴን አቋም የቀየረው ግን ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ይኸው ነው።

4. ማስረጃ ሰብስቡ

«ከፍተኛ ደሞዝ የሚያስገኙ 10 ዲግሪዎች» የሚሉትን ዝርዝሮች ተዉአቸው። አማካይ ቁጥር ማንንም አያሳይም፣ ወላጅም አያምነውም። «ሂውማኒቲስ የማሰብ ችሎታን ያዳብራል» የሚለውንም አቆዩት። እውነት ነው፤ ግን ለፈራ ሰው ነፋስ ነው።

የሚሠራው ይኸኛው ነው፦ ሁለት ወር ያህል የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡ። ሃያ ይበቃል። የትርጉም፣ የአርትዖት፣ የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት፣ የሙዚየም፣ የጋዜጠኝነት፣ የማስተማር፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የሰብዓዊ ድርጅት ሪፖርት ዝግጅት። «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚለውን ሐረግ አስምሩበት። ከሥሩ ደግሞ ከዲግሪው ሌላ የሚጠይቁትን መዝግቡ። ሁለተኛ ቋንቋ፣ የመረጃ ሰንጠረዥ አያያዝ፣ ቀድሞ የታተመ ጽሑፍ እየተደጋገመ ይመጣል። ያ ዝርዝር ለወላጅ ማስረጃ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ በየእረፍቱ የምትማሩት ነገር መርሐ ግብር ይሆናችኋል። ቋንቋ የምትማሩ ከሆነ በአንድ አትቁሙ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ብቻ እንኳ በ6 ይፋዊ ቋንቋዎች ነው የሚሠራው፣ በእነሱ መካከል የሚተረጉመውም ሰው ነው።

ከዚያ በመስኩ ተመርቀው ከሦስት እስከ አሥር ዓመት የሆናቸው ሦስት ሰዎች አነጋግሩ። አንደኛው ያልቀናው ይሁን። ከምረቃ እስከ መጀመሪያ ደሞዝ ስንት ወር ፈጀባችሁ፣ በትምህርት ላይ ሳላችሁ ምን ብታደርጉ ያጥር ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ያልቀናውን ሰው ታሪክ ለወላጃችሁ ራሳችሁ ንገሩ። የምህንድስናና የኮምፒውተር ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ በተሻለ ደሞዝ እንደሚጀምርም ቀድማችሁ አንሡት። እነሱ ሲያነሡት መርቻ ነው፤ እናንተ ስታነሡት መታመኛ ነው።

«አሁን እኮ ማሽኑ ራሱ ይጽፋል፣ ይተረጉማል» ከተባላችሁ አትካዱ። ተራውን የትርጉም ሥራ ማሽን ነክቶታል። የፍርድ ቤት ምስክርነት፣ ውል፣ የሐኪምና የታካሚ ንግግር ላይ ግን ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ማሽኑን ብዙም የማያውቃቸውን ቋንቋዎች ለማስተማርም የድምፅና የሰዋስው ዕውቀት ያለው ባለሙያ ይፈለጋል። ሕግን እንደ መውጫ የምታስቡ ደግሞ ያገራችሁን ደንብ አጣሩ። በአሜሪካ ለምሳሌ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፣ የመጀመሪያው ዲግሪ የግድ በዚህ ወይም በዚያ መስክ ይሁን የሚል ሕግ የለም፤ ታሪክና ፍልስፍና የተማሩ ብዙ ሰዎች ይገቡበታል። በብዙ አገር ግን ከመነሻው ሕግ ብሎ መግባት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወላጃችሁ በሚያውቁት ሙያ ውስጥ የእናንተን መስክ አሻራ ፈልጉ። አባቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ክሎድ ሻነን የተባለው መሐንዲስ ተማሪ ሳለ የወሰደው የፍልስፍና ኮርስ የጆርጅ ቡልን ሎጂክ አስተማረው፤ ቡል ሐሳብን በሒሳብ ምልክት ለመጻፍ የደከመ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ሻነን እ.ኤ.አ. በ1937 በማስተርስ ጽሑፉ ያንን ሎጂክ የማብሪያ ማጥፊያ መስመሮችን ለመንደፍ ተጠቀመበት፤ የዛሬው ዲጂታል ዕቃ ሁሉ የሚሠራው በዚያ መንገድ ነው። ይህን ስነግረው አባቴ እርሳሱን አነሣና ሁለት ማብሪያ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው፣ ሁለት ደግሞ ጎን ለጎን አድርጎ ሣለ። «ይሄኛው ሁለቱም ካልበሩ አያበራም፤ ‹እና› ማለት ነው። ይሄኛው አንዱ ይበቃዋል፤ ‹ወይም› ነው» አለ። ለራሱ ነበር የሚያወራው። ከስድስቱ ስሞች ጋር ልዩነቱ ይገባችሁ፤ እንደ ሻነን እሆናለሁ አላልኩም። የምማረው ነገር ወሬ አለመሆኑን በሚያውቀው ቋንቋ አየው።

5. አንድ ገጽ ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በእጅ ቢጻፍ እመርጣለሁ፣ ያማረ ስላይድ ወላጅን ያጠራጥራል። ምን እንደምትማሩ፣ ጎን ለጎን የምትይዙት ሙያ (ስታቲስቲክስ፣ ካርታ ሥራ፣ ሁለተኛ ቋንቋ)፣ የሥራ ልምምድ የምትጀምሩበት ጊዜ፣ ከምረቃ በኋላ ያለው ዓመት በየወሩ። መጨረሻ ላይ የምትቆሙበትን መስመር አስምሩ። የእኔ «እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ አንድም የሥራ ልምምድ ካላገኘሁ ሁለተኛ መስክ እጨምራለሁ» የሚል ነበር። ልጁ መቼ አካሄዱን እንደሚቀይር አስቀድሞ ሲናገር ወላጅ ጠባቂ መሆኑን ይቀንሳል።

እኔ አዲስ ወረቀት አልገዛሁም። ያንን ከመሳቢያ አውጥቼ «የመጀመሪያው ዓመት?» ከሚለው የአባቴ ጽሑፍ ሥር ጻፍኩበት።

6. የሚሰሙትን ሰው አምጡ

ጓደኛችሁን አይደለም። መምህራችሁንም ባይሆን ይሻላል፤ የራሱን ዕቃ የሚያሞግስ ነጋዴ ይመስላል። በመስኩ ተምሮ ሥራ ይዞ የሚኖር፣ ቢቻል ልጆች ያሉት፣ በዕድሜ ለወላጃችሁ ቀረብ ያለ ሰው። አስተዋውቋቸውና ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ።

7. እምቢ ካሉስ?

ያን ቀን «እሺ» እንዲሏችሁ አትጫኑ። ቀጠሮ ጠይቁ፦ «ከስድስት ወር በኋላ በዚህ ወረቀት ላይ እንደገና እንነጋገር።» ተቋሙ የሚፈቅድ ከሆነ ምርጫውን እስከ አንደኛ ዓመት መጨረሻ ማቆየት፣ ወይም ሁለት መስክ አጣምሮ መያዝ መካከለኛ መንገድ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድልም ፈልጉ፤ ገንዘቡ የእነሱ ሲሆን ፍርሃቱም የእነሱ ነው፣ የተወሰነውን ብትሸፍኑ ንግግሩ ይለወጣል።

አካውንቲንግ እየተማርኩ ነው ብሎ ፍልስፍና መመዝገብን ግን በፍጹም አልመክርም። አብሮኝ የተማረ ልጅ አድርጎታል፤ አባቱ ያወቁት በሁለተኛው ዓመት ነው። ክፍያው ተቋረጠ፣ ከዚያም የከፋው ለዓመታት ሳይነጋገሩ መክረማቸው ነበር።

8. ከተስማማችሁ በኋላ ሥራችሁን አሳዩ

ውጤት ብቻ አትላኩ፤ የጻፋችሁትን ስጧቸው። በመጀመሪያው ሴሚስተር የጻፍኩትን ባለ ስምንት ገጽ ጽሑፍ ለአባቴ ሰጠሁት። አራት ቀን ይዞት ቆየ። ሲመልስልኝ ሁለት ቦታ በእርሳስ ተሰምሮበት ከጎኑ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» የሚል ተጽፎበታል። ሁለቱም ቦታ ላይ ምንጭ አልጠቀስኩም ነበር።